ለሚያስተባብረው ልጅ ማን ይክፈልለት?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በብዙዎቻችን ቤት የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ፣ አንተ ትምህርትህን ብቻ። ስብሰባ ላይ አትናገር፣ ኮሚቴ ምናምን ሲሉህ ሥራ አለብኝ በል፣ ምንም ነገር ውስጥ አትግባ።» አዲስ አበባም ይባላል፣ ደብረ ማርቆስም ይባላል፣ ባሕር ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያም ይባላል። ይህን የሚሉት አባቶችና እናቶች ለሌላው ደንታ የሌላቸው ሆነው አይደለም። ጥላሁን ግዛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ በተመረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን የቀይ ሽብር ዘመን መናገር አያስፈልግም፤ ጎረቤቱ ወይም የሥጋ ዘመዱ ያልጎደለበት ቤት ጥቂት ነው። «አትግባ» የሚለው ምክር የወጣው ከዚያ ሐዘን ነው።

ዛሬ የማነሣው ግን የዚህን ምክር ተቃራኒ ነው። አንድ ቤተሰብ ከራሱ ኪስ ገንዘብ አውጥቶ «ይህ ለጎበዝ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ሌሎችን ለሚያስተባብር፣ ለሚመራ ተማሪ ይሁን» ሲል ምን ማለቱ ነው? በውጭ በሚኖረው ወገናችን ዘንድ በሟች አባት ወይም እናት ስም ስኮላርሺፕ ማቆም እየተለመደ መጥቷል። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ የሚሸለመው የምስክር ወረቀት ላይ ያለው ውጤት ነው። ውጤት ለመመዘን ቀላል ስለሆነ፣ ማንንም ስለማያስቀይም ነው። የሚያስተባብረውን ልጅ መፈለግ ግን ሌላ ዓይነት ድካም ይጠይቃል፤ ያን ድካም የደከሙ ቤተሰቦች ምን እንዳገኙና ምን እንዳመለጣቸው ማየት ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ከማውቃቸው ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው የሰሜን ካሮላይናው ነው። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ይገኛል፤ በአሜሪካ በሩን ለተማሪ ከከፈቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1795። በ1891 ከዚያ ከተመረቁት አንዱ ጆን ሞትሊ ሞርሄድ ሦስተኛው ነበር። የዚህ ሰው ሀብት መነሻ በእኛ ብየዳ ቤቶች የሚታወቅ ነገር ነው፦ ካርባይድ። በ1892 አባቱ ስፕሬይ በምትባል የካሮላይና መንደር ቶማስ ዊልሰን ከሚባል ካናዳዊ ጋር አሉሚኒየም በርካሽ ለማውጣት ሲሞክሩ፣ ሳያስቡት ካልሲየም ካርባይድ አገኙ። ውሃ ሲነካው የሚወጣውን ጋዝ መርምሮ አሴቲሊን መሆኑን ካረጋገጡት አንዱ ወጣቱ ሞርሄድ ነበር። ያ ግኝት ውሎ አድሮ ለግዙፉ ዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ መሠረት ሆነ። ሰውየው በኋላ በስዊድን የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ለተማረበት ዩኒቨርሲቲም የደወል ማማና ፕላኔታሪየም አሠርቷል። በ1945 ደግሞ በቤተሰቡ ስም ፋውንዴሽን አቆመ። ፋውንዴሽኑ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ተማሪዎችን መርጦ የአራት ዓመት ሙሉ ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ በየክረምቱም ወደ ሌላ ከተማና ወደ ሌላ አገር እየላከ ሥራና አገልግሎት ያለማምዳቸዋል። በ2007 የጎርደንና የሜሪ ኬይን ቤተሰብ ፋውንዴሽን 100 ሚሊዮን ዶላር ጨመረበትና ስሙ ሞርሄድ-ኬይን ተባለ።

መመዘኛው አራት ነው፦ አመራር፣ የጠባይ ጥንካሬ፣ ትምህርት፣ የአካል ብርታት። ሐሳቡ ከኦክስፎርዱ የሮድስ ስኮላርሺፕ የተቀዳ ነው። ሴሲል ሮድስ ሀብቱን ያካበተው በደቡብ አፍሪካ የአልማዝና የወርቅ ማዕድን ነው፤ በኑዛዜውም ገንዘቡ ለመጽሐፍ ትሎች ብቻ እንዳይውል አዝዟል። መቶ ዓመት አልፎ በ2015 እ.ኤ.አ. የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዚያኑ ሰው ሐውልት ከግቢያቸው አስነሡ። እነዚያን ተማሪዎች ያስተባበራቸው ደግሞ የራሱ የሮድስ ኑዛዜ «የመምራት ዝንባሌ» ያለው ተሰጥኦ ነው። ገንዘብ የሚሰጥ ቤተሰብ ይህን አውቆ ቢገባበት ይሻላል፦ መሪ አሳድጋለሁ ያለ ሰው፣ ያሳደገው መሪ አንድ ቀን እርሱንም ሊጠይቀው እንደሚችል መቀበል አለበት። ጸጥ ያለ ልጅ ብቻ የሚፈልግ ቤተሰብ ለውጤት ይሸልም፤ እርሱም ክብር ያለው ሥራ ነው።

ወደ ቻፕል ሂል ልመለስ። ይህ መልካም ሥራ ለረጅም ጊዜ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። መሪ ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ በመራጮቹ አእምሮ ውስጥ የነበረው መልስ ነጭ ወንድ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የመጀመሪያዎቹን ጥቁር የባችለር ተማሪዎች የተቀበለው በ1955፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ሴቶች ለሞርሄድ ስኮላርሺፕ መወዳደር የቻሉት ደግሞ በ1970ዎቹ ነው። ይህን የምጽፈው ሰዎቹን ለመክሰስ አይደለም። አንድ ቤተሰብ «መሪ» ብሎ ሲፈልግ፣ ሳያውቀው የራሱን መልክ ሊፈልግ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የእኛም ቤተሰቦች ከዚህ አያመልጡም። በኮሚቴ የሚቀመጡ አጎቶችና አክስቶች አንደበተ ርቱዑን፣ በደንብ የለበሰውን፣ እጅ የሚነሣውን ልጅ አይተው «ይህ መሪ ነው» ማለት ይቀናቸዋል። አንገቷን ደፍታ ለክፍል ጓደኞቿ የጥናት ቡድን ያቋቋመችው ልጅ በዚያ ዓይን አትታይም።

ከዚህ ሁሉ የእኔን ልብ ይበልጥ የነካው ግን አንዲት የሞርሄድ-ኬይን ተማሪ ያሰበችው ነገር ነው። ኢቭ ካርሰን ከጆርጂያዋ አቴንስ የመጣች ልጅ ነበረች። በዚያ ስኮላርሺፕ ተምራ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ፕሬዚዳንት ሆነች። ለምርጫ ስትወዳደር ካቀረበቻቸው ሐሳቦች አንዱ ይህ ነበር፦ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ለምን ገና ከሁለተኛ ደረጃ ለሚመጡት ብቻ ይሆናል? በ17 ዓመቱ ያልታየ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ግን ያበበ ተማሪ ስንት አለ! ስለዚህ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ በግቢው ውስጥ ላደጉትና ለሠሩት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ እንዲቋቋም አሰበች። ማርች 5 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ በ22 ዓመቷ፣ ልትመረቅ ወራት ሲቀሯት በዘራፊዎች ተገደለች። ሐሳቡን ግን የተረፉት አነሡት፤ ዛሬ በስሟ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይሰጣል። ለክረምት ሥራቸውና ለመጨረሻ ዓመታቸው ያግዛቸዋል።

ይህች ወጣት ያየችው ነገር ትልቅ ነው። እርሷ ራሷ ቀድማ የተመረጠች ነበረች። ከማዕዱ ከተቀመጡት አንዷ ሆና ሳለ ከደጅ የቀሩትን አሰበች። ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ቢከተሉ ደስ ይለኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ስለ አመራሩ የሚጽፈው ኤሴይ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ወላጆቹ ምን ያህል እንደደገፉት ነው። ክረምት ላይ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ሌላ አገር የሄደው ልጅ የአውሮፕላን ቲኬቱን የገዛለት ሰው አለ። የክርክር ክበብ መሪ የሆነችው ልጅ ማታ ከትምህርት ቤት የሚወስዳት መኪና አላት። የሁለት ዓመት የግቢ ኑሮ ግን ብዙ ነገር ያጠራል፤ ማን ስብሰባ ጠርቶ እንደጠፋ፣ ማን ወንበር ሲደረድር እንዳመሸ በዚያን ጊዜ ይታወቃል።

የነገሩ ሥር ያለው ጊዜ ላይ ነው። በአሜሪካ የተማሪ አመራር በአብዛኛው ክፍያ የለውም፤ ቢኖርም ኪራይ አይከፍልም። ስብሰባው ማታ ነው፤ ዝግጅቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። ማታና ቅዳሜ ደግሞ የእኛ ልጆች ሥራ ላይ ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ኤርፖርት የሚሠራው፣ ፓርኪንግ የሚቀመጠው፣ ምግብ የሚያደርሰው፣ መድኃኒት ቤት ካሸር የሆነችው ሁሉ ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ ቤት ሲገቡ የአባትን የኢንሹራንስ ደብዳቤ ማንበብ፣ ከእናት ጋር ሐኪም ቤት ሄዶ ማስተርጎም፣ የታናሽ ወንድምን የቤት ሥራ ማየት አለ። እንዲህ ያለችውን ልጅ «የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበርን ምሪ» ቢሏት በምን ጊዜዋ? ስለዚህ በየግቢው የሚመሩት በብዛት ጊዜ ያላቸው ናቸው፤ ጊዜ ያላቸውም ወላጅ የሚከፍልላቸው ናቸው። ለተማሪ መሪ የሚሰጥ የቤተሰብ ስኮላርሺፕ በዚያ አገር የሚገዛው ነገር ይኸው ነው፦ በሳምንት አሥርና አሥራ አምስት ሰዓት። ልጅቷ አንዱን ፈረቃ ትታ ስብሰባ እንድትመራ። ገንዘቡ ሲሰጥም ይህ በግልጽ ቢነገራት መልካም ነው፤ አለዚያ ቤት ትልክና ፈረቃዋን ትቀጥላለች። ያንንም አልነቅፍባትም።

በማመልከቻ ቅጹ ላይም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ለወላጅ ያስተረጎመ፣ የጎረቤት ሽማግሌዎችን የዜግነት ፈተና ያስጠና፣ ዕድሩ መልእክት የሚለዋወጥበትን የቴሌግራም ቡድን የያዘ ልጅ ራሱን መሪ ብሎ አይጽፍም። ቅጹ «ምን ማዕረግ ይዘሃል?» ብሎ ሲጠይቀው ባዶ ይተወዋል። «ማን በአንተ ላይ ይተማመናል? ስለ ምን?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ገጹ አይበቃውም።

በዚያው በካሮላይና ሌላም ቤተሰብ አለ። ጁሊያን ሮበርትሰንና ባለቤታቸው ጆሲ በ2000 እ.ኤ.አ. 24 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው ቻፕል ሂልንና ጎረቤቱን ዱክ ዩኒቨርሲቲን የሚያገናኝ ስኮላርሺፕ አቆሙ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በቅርጫት ኳስ የለየላቸው ባላንጣዎች ናቸው። የቤተሰቡ ልጆች ግን አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ይማሩ ነበር። ስኮላሮቹ አንድ ሴሚስተር በባላንጣው ግቢ እንዲኖሩ ተደረገ። ከዚህም በላይ የሚያስደስተኝ በሁለቱ ግቢዎች መካከል እንዲመላለስ የተደረገው አውቶቡስ ነው፤ የተመረጡት ብቻ ሳይሆኑ ማንኛውም ተማሪ በነጻ የሚሳፈርበት ሆነ። ለጥቂት መሪዎች የወጣ ገንዘብ ለብዙኃኑም አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። እኔ አንድ ቤተሰብ ቢጠይቀኝ፣ ከስኮላርሺፑ አንድ አምስተኛውን ልጁ ለሚያስተባብረው ሥራ ራሱ መድቡለት እላለሁ። ለፎቶ ኮፒ፣ ለአዳራሽ፣ ለሻይ። አስተባባሪ ልጅ ከኪሱ ሲያወጣ ስንት ጊዜ አይተናል።

በአሜሪካ ያሉ ቤተሰቦቻችን ከመጀመራቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ጉዳዮች አሉ፤ ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚደርስባቸው። አንደኛ፣ ተማሪው ከውጭ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ሊሰጠው ከነበረው ድጎማ ያንኑ ያህል ይቀንስበታል። እናንተ 2,000 ዶላር ትሰጣላችሁ፣ ልጁ ግን አንዲት ዶላር አይጨምርለትም። ሜሪላንድ በ2017 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎቿ ይህን የሚገድብ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ቀዳሚ ሆናለች፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ግን ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ መጠየቅ ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ የሚውለው በአብዛኛው ግብር የለበትም፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚውለው ግን ለተማሪው እንደ ገቢ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በዩኒቨርሲቲው ወይም በሕጋዊ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ከሆነና ቤተሰቡ የግብር ቅናሽ ከጠየቀበት፣ «ለእገሌ ልጅ ስጡልኝ» ማለት አይቻልም። መመዘኛውን ማውጣት ይቻላል፣ ምርጫውን ግን መልቀቅ ያስፈልጋል። ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። የሰጠነውን ገንዘብ እጃችን ውስጥ ይዘን መቆየት እንወዳለን። መመዘኛውን በጥንቃቄ የጻፈ ቤተሰብ ግን ምርጫውን ቢለቅም የሚጎድልበት የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዶርም አለው፣ ካፌ ይበላል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ፈርሞ ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ስለዚህ ጊዜ አለው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የሳሙናና የሞባይል ካርድ ገንዘብ፣ ለዕረፍት አገሩ የሚሄድበት የአውቶቡስ ገንዘብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላው የቆመ ሰው። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነሥቶ የተማሪ ሕይወት ሲጠፋ፣ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ግቢ ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከዶርም ዶርም እየዞረ የሚያረጋጋ፣ የሌላ ብሔር ጓደኛውን አልጋው ላይ የሚያስተኛ ተማሪ ይኖራል፤ በየትኛውም መዝገብ ግን አይሰፍርም። ውጤቱም በዚያ ሴሚስተር ይወርዳል። በጂፒኤ ብቻ የሚሸልም ስኮላርሺፕ ያን ልጅ በዚያው ዓመት ከዝርዝሩ ያወጣዋል! እንዲህ ያለ ልጅ ለሚፈልግ ቤተሰብ የውጤት ገደቡ ዝቅ ያለ፣ የአንድ ሴሚስተር መውረድን የሚታገሥ ደንብ ያስፈልገዋል።

የገንዘቡን አያያዝ በተመለከተ የአሜሪካው አካሄድ እንዳለ አይወሰድም። እዚያ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥና በየዓመቱ ከመቶ አራት ወይም አምስት ያህሉ ብቻ ይወጣል፤ 50,000 ዶላር ያስቀመጠ ቤተሰብ በዓመት ከ2,000 እስከ 2,500 ዶላር ለዘለቄታው ይሰጣል ማለት ነው። በብር ግን እንዲህ አይሆንም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ወለዱ ከኑሮው ጋር አይሮጥም። አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት መሬት፣ ለመስጊድ ወቅፍ የሚያደርጉት ሱቅና ቤት ነበር፤ ኪራዩ ከኑሮ ጋር አብሮ ስለሚያድግ። ዛሬም የሚከራይ አንድ ክፍል ያለው ቤተሰብ የዚያን ክፍል ኪራይ ለአንድ ተማሪ ቢመድብ በባንክ ከሚያስቀምጠው ይልቅ ይዘልቃል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት አደራና ኢንዶውመንት ለማቋቋም መንገድ ከፍቷል። ይህን ያህል የማይደርስ ቤተሰብ ደግሞ ለአራት ዓመት ብቻ ቃል ይግባ። አንድ ልጅ፣ ከመግቢያው እስከ ምረቃው። ለዘላለም የሚቆም ስም ከመፈለግ፣ አንድን ልጅ መሐል ላይ አለመጣል ይበልጣል።

ስለ አመራረጡም አንድ ነገር። በእኛ አገር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፈው ከላይ ነው፤ ዲኑ፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ፣ አንዳንዴም ልጁን አይተውት የማያውቁ ሰው ይፈርሙበታል። ተማሪን በመሪነቱ መመዘን የሚፈልግ ቤተሰብ ከታች ያሉትን ቢጠይቅ የተሻለ ያውቃል። የዶርሙን ፕሮክተር፣ የካፌዋን አስተናጋጅ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ። «ግርግር ሲነሣ ተማሪዎች ወደማን ይሄዳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ስም ይጠራሉ። ሦስቱ ያለ ምክክር አንድ ስም ከጠሩ፣ ኮሚቴው ልጁን ጠርቶ ያነጋግረው፤ ማመልከቻ ቅጽ አላስገባም ብሎ አይተወው። ቅጹን ቁጭ ብለው አብረውት ይሙሉለት።